የማያዳልጠው ወለል ማዳለጥ ሲጀምር፦ ለምግብ ቤት ኩሽና የትኛው የአስተጣጠብ ዘዴ ይሻላል?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ የሠራተኞች ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቤቱ ሲከፈት ወለሉ «አያዳልጥም» ተብሎ የተነጠፈ ሻካራ ሴራሚክ ነበር። ባለቤቱ ከተራው ሴራሚክ የበለጠ ከፍለውበታል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጫማን ቆንጥጦ ይይዝ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን መጥበሻው ፊት ለፊት ያለው ቦታ እንደ ሳሙና ሆነ። በየቀኑ ይወለወላል። ላርጎም በረኪናም ይፈስበታል። ያም ሆኖ አንድ ቀን ጠዋት፣ የሽሮ ድስት ተሸክማ የምታልፍ ልጅ አዳለጣት። እግሯና ክንዷ ተቃጠለ። ድና ሥራዋን ቀጥላለች። ጠባሳው ግን አሁንም አለ።

ያን ቀን ሁላችንም «ጋሼ፣ ይሄ ወለል አልቋል፣ ይቀየር» አልናቸው። ወለሉ ግን አላለቀም ነበር። ተደፍኖ ነው። በደንብ ፈግፍገን ቆሻሻውን ውሃ ካወጣን በኋላ እንደ ድሮው ያዘ። ብዙ ገንዘብ ሊወጣበት የነበረው ነገር በብሩሽና በሙቅ ውሃ ተፈታ።

ከዚያ ወዲህ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከገላንና ከለገጣፎ የማውቃቸው ባለ ምግብ ቤቶች ይደውሉልኛል። ማሽን ልግዛ? ኬሚካል ልቀይር? በላቫጆ ማሽን ላስመታው? የጽዳት ድርጅት ልጥራ? ሻጩ ሁሉ የራሱን ያወድሳል። እዚህ የማንንም ምርት ስም አልጠራም። መጀመሪያ በምን እንደምንመዝን እንነጋገር። ከዚያ እያንዳንዱን ዘዴ እንየው።

ወለሉ ለምን ያዳልጣል?

የማያዳልጥ ወለል የሚይዘው ሻካራ ስለሆነ ነው። ሴራሚኩ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች አሉት። እንደ ፕላስቲክ ምንጣፍ በጥቅል የሚመጣው ቪኒል ብዙ ጊዜ 2 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ውስጡ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ የሲሊኮን ካርባይድ ወይም የኳርትዝ ጠንካራ ቅንጣቶች አሉበት። ኢፖክሲ (ፈሳሽ ሆኖ ወለል ላይ የሚቀባና የሚጠነክር ቅብ) ላይ ደግሞ ሳይደርቅ የኳርትዝ አሸዋ ይበተንበታል። ስንረግጠው ውሃውና ቅባቱ በጉብታዎቹ መካከል ወዳለው ክፍተት ይሸሻል። ጫማው የጉብታዎቹን ጫፍ ያገኛል። የሚይዘን ያ ጫፍ ነው።

ክፍተቱ ሲሞላ ቅባቱ የሚሸሽበት ቦታ ያጣል። ጫፉም ይሰወራል። ወለሉ በዓይን ንጹሕ መስሎ ያዳልጣል ማለት ነው።

ሴራሚክ ስትገዙ «አር 11» ወይም «አር 12» የሚል ምልክት አይታችሁ ይሆናል። ዲን 51130 ከሚባለው የጀርመን መለኪያ የመጣ ነው። ሰው ዘይት በፈሰሰበት ተዳፋት ላይ እየተራመደ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። እስከ ስንት ዲግሪ እንደያዘው ይለካል። አር 9 ዝቅተኛው፣ አር 13 ከፍተኛው ነው። አር 12 የሚባለው ከ27 እስከ 35 ዲግሪ የያዘው ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ንጹሕ ወለል ነው። ስለ ተደፈነ ወለል ምንም አይነግራችሁም።

ክፍተቱን የሚደፍነው ምንድን ነው? በእኛ ዳር ዳር ሰፈሮች ከመሀል ከተማው ትንሽ ይለያል።

አንደኛው የሚረጋው ዘይትና ቅቤ ነው። ሁለቱም የሚቀልጡት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሱሉልታን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የኖረበት ያውቀዋል። ማታ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ዘይት ጠዋት ረግቶ ይገኛል። በቀዝቃዛ ውሃ ብትወለውሉት ቦታ ይቀይራል እንጂ አይለቅም።

ሁለተኛው ዋልካ ነው። ገላን፣ አቃቂ፣ ኮዬ ፈጬ ጥቁር አፈሩ በክረምት ከጫማ ጋር ኩሽና ድረስ ይገባል። ዋልካና ዘይት ሲገናኙ እንደ ምርጊት ናቸው። ሻካራውን ወለል ድፍን አድርገው ያለስኑታል።

ሦስተኛው ሊጥ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ኩሽና ሊጥ ይንጠባጠባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስህተት አለ። የሊጥ ነጠብጣብ ላይ የፈላ ውሃ ያፈሳሉ። የፈላ ውሃ ሊጡን ያበስለዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ሙጫ ነው። ሊጥ በቀዝቃዛ ውሃ ይረስርስ፣ ይፋቅ፣ ይነሳ። ሙቅ ውሃው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አራተኛው ያልተለቀለቀ ሳሙና ነው። ወለሉ ላይ የደረቀ ላርጎ በማግስቱ ውሃ ሲነካው እንደገና ያዳልጣል። ተለጣፊ ስለሆነም አዲስ ቆሻሻ ይጠራል።

በምን እንመዝን?

የእኔ ዋና መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ቅባቱ በመጨረሻ የት ሄደ? ወደ ባልዲ ወይም ወደ ፍሳሽ ሄዶ ከሆነ ጸድቷል። ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ሄዶ ከሆነ፣ ወይም እዚያው ክፍተት ውስጥ ተመልሶ ከተኛ አልጸዳም። በኩሽናችን ወለል ታጥቡ የነበሩ እማማ «ልጄ፣ ውሃው ተገፍቶ ካልወጣ ምኑን ታጠበ?» ይሉ ነበር። ስለ ወለል ጽዳት ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል የጠቀመኝ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ሌሎቹ መለኪያዎች ይመጣሉ። ዘዴው ወለሉን ይጎዳል ወይ? ስንት ጀሪካን ውሃ ይፈጃል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ያለ መብራት ይሠራል? የሚያጥበውን ሰው ቆዳ፣ ዓይንና ወገብ ምን ያደርገዋል? ወለሉ እስኪደርቅ ስንት ሰዓት ይወስዳል? በመጨረሻም ዋጋው። ዋጋ ስትሉ የመግዣውን ብቻ አትቁጠሩ። የብሩሹን፣ የመለዋወጫውን፣ የሰው ሰዓቱንም ጨምሩ።

ሌላ አንድ ነገር አእምሮ ውስጥ ይያዝ። ኸርበርት ዚነር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1959 ጽዳትን በአራት ነገር ከፍሎ አስረዳ፦ ኬሚካል፣ ፍትጊያ፣ ሙቀት እና ጊዜ። አንዱ ሲቀንስ ሌሎቹ መካካስ አለባቸው። ሙቅ ውሃ ከሌላችሁ ብዙ መፈግፈግ አለባችሁ። ኬሚካላችሁ ደካማ ከሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ይተኛ። ከዚህ በታች ያሉት ዘዴዎች ልዩነታቸው በአብዛኛው የትኛውን አብዝተው የትኛውን አሳንሰው እንደሚጠቀሙ ነው።

መወልወያና ላርጎ

የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ለጥልቅ ጽዳት ግን አይሆንም። መወልወያው የጉብታዎቹን ጫፍ ይነካል፣ ክፍተቱ ውስጥ አይገባም። የባልዲው ውሃ ከሁለት ዙር በኋላ ራሱ ቅባት ነው። ያንን ቅባት በወለሉ ሁሉ ታዳርሱታላችሁ። ውሃው ይደርቃል፣ ቅባቱ ይቀራል። የእኛ ወለል ያዳለጠው በየቀኑ እየተወለወለ ነው። በሻካራ ወለል ላይ የዕለቱም ጽዳት ቢሆን በረጅም እጀታ ብሩሽ ይሁን እላለሁ።

የእጅ ብሩሽ፣ ሙቅ ውሃና ቅባት ማጽጃ

ለአብዛኛው የከተማ ዳር ምግብ ቤት የምመክረው ይህን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልገው ጠንካራ የናይሎን ብሩሽ ከረጅም እጀታ ጋር፣ ለጥግ የሚሆን ትንሽ የእጅ ብሩሽ፣ ውሃ የሚገፋ ጎማ መጥረጊያ፣ ሁለት ባልዲ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና ቦት ጫማ ነው። የድስት ሽቦ አትጠቀሙ። ሽቦው እየተበጣጠሰ ክፍተቱ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ይዝጋል፣ ወለሉን ያጎድፋል።

ማጽጃው አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ የቅባት ማጽጃ ይሁን። ቅባትን ከወለሉ አላቆ ከውሃ ጋር የሚያስኬደው እሱ ነው። መጠኑን ዕቃው ላይ እንደተጻፈው ብቻ አድርጉ። «ትንሽ ጨምሬ ላጠንክረው» የሚለው ሐሳብ ለመለቅለቅ ሁለት እጥፍ ውሃ ያስወጣል።

መጀመሪያ ሳይረጥብ ይጠረግ። የረጋውን ቅባት በመፋቂያ አንስታችሁ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ጣሉት። ይህን እርምጃ አትዝለሉ። በከተማው ዳር ብዙ ቤት የሕዝብ ፍሳሽ መስመር የለውም፣ ሴፕቲክ ታንክ ነው ያለው። በሙቅ ውሃና በኬሚካል የሟሟ ቅባት ፍሳሹ መውጫ ላይ ያለውን የቅባት ማስቀሪያ አልፎ ይሄድና ቱቦው ውስጥ ሲበርድ ይረጋል። የፍሳሽ መኪና በየጊዜው የምትጠሩ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሙቅ ውሃው። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይበቃል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ቀላል መላ አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ስትቀላቅሉ 55 አካባቢ ትደርሳላችሁ። የፈላውን ውሃ ብቻውን አታፍሱ። ቪኒልና ኢፖክሲ አይወዱትም። ሠራተኛውንም ያቃጥላል።

ማጽጃው ወለሉ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። አይድረቅ። ሰፊ ወለል ከሆነ በአንዴ አትርጩት፣ በአራት በአምስት ካሬ ሜትር ከፋፍሉት። ከዚያ ወደ አራቱም አቅጣጫ መፈግፈግ። ፉጋውን፣ ማለትም በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን መሙያ፣ በተለይ። ወለሉ ከግድግዳው የሚገናኝበት ዞኮሎ ሥር፣ ምድጃውና ፍሪጁ ሥር ያለውን በትንሹ ብሩሽ። ቆሻሻው ውሃ በጎማ እየተገፋ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ይሂድ ወይም እየታፈሰ ባልዲ ይግባ። ከዚያ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ፣ እንደገና መግፋት። አየር እንዲያደርቀው መተው።

እኛ 30 ካሬ ሜትር ለሚሆነው ኩሽና ሁለት ሰው ሆነን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅብን ነበር። ውሃው ስድስት ጀሪካን አካባቢ ነው። መብራት አያስፈልግም። ውሃውን በጋዝ ወይም በከሰል ማሞቅ ይቻላል። ድክመቱ ወገብ ነው። የደከመው ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን ጥግ አለባብሶ ያልፈዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚጀመርበትን ጥግ ቀያይሩ።

ባለ ክብ ብሩሽ ማሽን

ከሥሩ ክብ ብሩሽ የሚሽከረከርበት፣ ሰው በእጀታ የሚመራው ማሽን ነው። የተለመደው ብሩሹ 43 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፣ በደቂቃ ከ150 እስከ 180 ዙር ይሽከረከራል። ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደቱም ጥቅም አለው፣ ብሩሹን ወደታች ይጫነዋል። ሰፊ ወለል ላይ በእጅ የሚፈገፍግ ሰው አይደርስበትም።

ሦስት ነገር ግን አስቡ። አንደኛ፣ ማሽኑ ይፈገፍጋል እንጂ ውሃውን አያወጣም። ውሃ የሚመጥ ቫኪዩም አብሮ ካልተገዛ፣ የፈገፈጋችሁት ቅባት እዚያው ይተኛል። ግማሹን ገዝተው «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁለተኛ፣ ብሩሽ ይግጠም እንጂ ጥቁሩ ሻካራ ፓድ አይግጠም። ፓዱ ሻካራ ወለል ላይ ይቦጨቃል፣ የቪኒሉንም ሻካራነት ይበላዋል። ሦስተኛ፣ እርጥብ ወለል ላይ ኤሌክትሪክ ነው። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ በፍጹም አይሰካ። ገመዱ የተላጠ ከሆነ ሥራው ይቁም።

የመብራቱ ነገርም አለ። ማሽኑ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ፣ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ አንድ ላይ አታስነሱ። መብራት በሄደ ሌሊት ደግሞ ብሩሹ በእጅ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ማሽን ያለውም ቢሆን የእጅ ብሩሹን አይጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ብሩሹና የሞተሩ ካርቦን አዲስ አበባ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ። «አዎ» ካለ ያሳያችሁ።

የላቫጆ ማሽን፣ ማለትም የግፊት ውሃ

ሲያዩት ደስ ይላል። ቆሻሻው ሲነሳ በዓይን ይታያል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚወደው። እኔ ለዝግ ኩሽና አልመክረውም።

ግፊቱ ቅባቱን ያነሳዋል፣ ግን ይበትነዋል። ግድግዳ ላይ፣ ሶኬት ላይ፣ መደርደሪያ ላይ ያርፋል። የፍሳሽ ቀዳዳው አካባቢ ያለውን ጀርም በጤዛ መልክ ወደ አየር ያነሳል። ያ ጤዛ ሰሃንና መክተፊያ ላይ ይወርዳል። ፉጋውን ይቦረቡረዋል። የቪኒሉን መጋጠሚያ ካገኘው ከሥሩ ውሃ ያስገባል፣ ከዚያ ወለሉ ያብጣል። ትንሹ ማሽን እንኳ በደቂቃ ከ7 እስከ 10 ሊትር ይረጫል። በሃያ ደቂቃ ቢያንስ ሰባት ጀሪካን ማለት ነው።

ለጓሮ የዕቃ ማጠቢያ ሲሚንቶ፣ ለቆሻሻ ማጠራቀሚያው ቦታና ለምግብ ማራገፊያው ግን በጣም ጥሩ ነው። ኩሽና ውስጥ የግድ ከሆነ ውሃውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ በሚረጨው አፍ፣ ከወለሉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ዕቃ ሁሉ ከወጣና ሶኬት ከተሸፈነ በኋላ ይሁን።

እንፋሎት

ውሃ በጣም ይቆጥባል፣ ጥቂት ሊትር ይበቃዋል። ኬሚካልም ብዙ አይፈልግም። ፉጋና ጥግ ላይ የሚተካከለው የለም። ችግሩ ሰፊ ወለል ላይ ቀርፋፋ መሆኑ ነው። ያቀለጠውን ቅባት ወዲያው በጨርቅ ካላነሳችሁት ደግሞ እዚያው ተመልሶ ይረጋል። ሱሉልታ ብርድ ውስጥ በጣም ቶሎ ይረጋል። የቪኒልን ማጣበቂያና መጋጠሚያ ሊያላቅቅ ይችላል። ተራ ኢፖክሲም እንዲህ ያለ ሙቀት አይወድም፣ ይሰነጠቃል። ሴራሚክ ላላቸው፣ ለጥግና ለፉጋ ብቻ፣ እንደ ረዳት ይያዝ።

የጽዳት ድርጅት መጥራት

ማሽኑን መግዛት ለማይችል፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሥሩ ማጽዳት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ከመስማማታችሁ በፊት ጠይቁ። ውሃውን በምን ታወጡታላችሁ? ኬሚካሉ ምንድን ነው? ብሩሽ ነው ፓድ? መልሱ «እኛ እናውቃለን» ከሆነ ሌላ ፈልጉ። አንድ ጊዜ የመጡ ሰዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ወለሉን የሚያብረቀርቅ ሰም ቀብተው ሄዱ። ያማረ ይመስል ነበር። ሰሙ ክፍተቱን ሁሉ ሞልቶት ስለነበር ለማስለቀቅ ሦስት ሌሊት ፈጀብን። በማያዳልጥ ወለል ላይ ሰም አይቀባም። ይህን በጽሑፍ ውሉ ላይ አስገቡት። ክፍያውም ወለሉ ደርቆ ከተፈተሸ በኋላ ይሁን።

ስለ ኬሚካሎቹ

ዘዴውን ከመምረጥ ያላነሰ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ላንሳው።

በረኪና ጀርም ይገድላል። ቅባት ግን አያነሳም። ቅባት ባለበት ወለል ላይ ሲፈስ ኃይሉ እዚያው ያልቅና ጀርሙንም በቅጡ አይገድልም። ቦታው ወለሉ ከታጠበና ከተለቀለቀ በኋላ ነው። ከምንም ጋር አይቀላቀል። በተለይ ከአሲድ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ፣ ከኮምጣጤ ጋር። ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ በዝግ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ይህን ለምትቀጥሩት ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ንገሩ። ዕቃዎቹንም በተለያየ መደርደሪያ አስቀምጡ።

አሲድ ለቅባት አይጠቅምም። ፉጋውን ይበላል። የሚያስፈልገው ውሃው ለሚተወው ነጭ ቅርፊት ብቻ ነው። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩ። ነጭ ከያዘ ወለላችሁም ይይዛል። ያን ጊዜ ቀለል ያለ አሲድ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ፣ ቅባቱ ከተነሳና ወለሉ በደንብ ከተለቀለቀ በኋላ ይሁን።

ኮስቲክ ሶዳ ከገበያ ገዝተው ራሳቸው የሚበጠብጡ አሉ። ቅባት እንደሚያነሳ እውነት ነው። ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ውሃ ሲነካው ራሱን ያሞቃል። መጠኑን ሳያውቁ መበጥበጥ ለጤናም ለወለሉም አደጋ ነው። ተመጥኖ የተዘጋጀውን ግዙ። ማናቸውም አልካላይ ዓይን ከነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ወለልን በላምባ የመወልወል ልማድ ያላቸው ቤቶችም አይቻለሁ። ቪኒሉን ያለሰልሳል፣ እሳት ባለበት ኩሽና ውስጥ ደግሞ ያስፈራል። ይቅር።

ሰጋቱራም ላንሳ። የፈሰሰ ዘይት ላይ ወዲያው በትኖ ወዲያው መጥረግ ይቻላል። በትኖ መተው ግን ክፍተቱን ይደፍናል። ካርቶን ማንጠፍ ከሁሉም የባሰ ነው። ካርቶኑ ራሱ ከሥር ይንሸራተታል።

በአጭሩ ሲታይ

| ዘዴ | ቅባቱን ከሥር ያወጣል? | ውሃ | መብራት | ለወለሉ ያለው ስጋት | የመነሻ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| መወልወያና ላርጎ | አያወጣም | ትንሽ | አያስፈልግም | እየቆየ ይደፍናል | በጣም ትንሽ |
| የእጅ ብሩሽና ቅባት ማጽጃ | አዎ፣ ውሃው ከተገፋ | መካከለኛ | አያስፈልግም | ትንሽ | ትንሽ |
| ክብ ብሩሽ ማሽን ከቫኪዩም ጋር | አዎ፣ በደንብ | መካከለኛ | ያስፈልጋል | ፓድ ከተገጠመ አለ | ከፍተኛ |
| ክብ ብሩሽ ማሽን ብቻውን | በከፊል | መካከለኛ | ያስፈልጋል | ፓድ ከተገጠመ አለ | መካከለኛ |
| የግፊት ውሃ | ያነሳል፣ ግን ይበትናል | ብዙ | ያስፈልጋል | ለፉጋና ለቪኒል ከፍተኛ | መካከለኛ |
| እንፋሎት | ለጥግና ለፉጋ አዎ | በጣም ትንሽ | ያስፈልጋል | ለቪኒልና ለኢፖክሲ አለ | መካከለኛ |
| የጽዳት ድርጅት | እንደ ድርጅቱ | እንደ ዘዴው | ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል | ሰም ከቀቡ ከፍተኛ | በየጥሪው ይከፈላል |

ለእናንተ የቱ ይሆናል?

ሽሮና ፍርፍር የምታቀርብ፣ ኩሽናዋ ከ15 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ትንሽ ቤት ማሽን አያስፈልጋትም። ገንዘቡ ለጥሩ ብሩሽ፣ ለጎማ መጥረጊያና ለቅባት ማጽጃ ይዋል። በሳምንት አንድ ምሽት ይበቃል።

ጥብስ ቤት፣ አሳ ቤትና ብዙ የሚጠበስበት ኩሽና ሌላ ነው። መጥበሻው ዙሪያ ያለው ሁለት ሦስት ካሬ ሜትር በየምሽቱ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይታጠብ። ቀሪው በሳምንት ሁለቴ። ሁሉንም ቦታ እኩል ለማጠብ መልፋት አያስፈልግም።

ቦሌ ለሚ ወይም ቂሊንጦ ዓይነት ቦታ ብዙ መቶ ሠራተኛ የሚመግብ ካፍቴሪያ ከሆነ ማሽኑንና ቫኪዩሙን አብራችሁ ግዙ። አንዱን ብቻ ለመግዛት ከሆነ መጀመሪያ ቫኪዩሙን ግዙ። በእጅ ፈግፍጎ በቫኪዩም ማውጣት፣ በማሽን ፈግፍጎ ውሃውን ከመተው ይሻላል። አብዛኛው ሰው በተቃራኒው ነው የሚያደርገው።

በጀታቸው ጠበብ ላለ መካከለኛ ቤቶች የእጅ ብሩሹን በየሳምንቱ፣ የጽዳት ድርጅቱን በዓመት ሁለት ጊዜ አጣምሩ። አንዱን ጊዜ ቅበላ ላይ አድርጉት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ዕቃው ሁሉ ይታጠባል፣ ቅቤው ይነሳል። ወለሉም አብሮ ይግባበት። ሌላውን ክረምቱ ሲወጣ፣ ዋልካው ሲደርቅ አድርጉት።

የተከራያችሁት ኩሽና ከሆነና የወለሉን ዓይነት የማታውቁ ከሆነ፣ በእጅ ብሩሽና ለብ ባለ ውሃ ጀምሩ። እንፋሎትም ግፊትም አሲድም አትሞክሩ። መጀመሪያ ምድጃው ሥር አንድ ካሬ ሜትር ላይ ፈትሹ።

ለሠራተኛው ጓንት፣ መነጽርና ቦት ጫማ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድዳል። ከበጀቱ ላይ መጀመሪያ ይቀነስ።

መጽዳቱን በምን ታውቃላችሁ?

ወለሉ ደርቆ በነጭ ሶፍት ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ቢጫ ወይም ግራጫ ካወጣ ገና ነው። ሴራሚክ ከሆነ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ቅባት ያለበት ቦታ ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። የጸዳው ላይ ይዘረጋል። ቪኒል ላይ ይህ ሙከራ አያስተማምንም፣ በሶፍቱ ተማመኑ። ሙከራውን መጥበሻው ፊት፣ የዕቃ ማጠቢያው ሥርና መግቢያው በር ላይ አድርጉ። እነዚህ ሦስቱ ከጸዱ ሌላው ጸድቷል።

ሁለት ጊዜ በደንብ ፈግፍጋችሁ፣ ሶፍቱም ንጹሕ ወጥቶ፣ ወለሉ አሁንም የሚያዳልጥ ከሆነ ያኔ በእውነት አልቋል። ጣታችሁን አስኪዱበት። ማንም የማይረግጠው ምድጃ ሥር ያለው ሻካራ ሆኖ መተላለፊያው ለስላሳ ከሆነ ጉብታው ተበልቷል። መቀየር ያለበትም ያ መተላለፊያ ብቻ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ስትገዙ ሻጩን የወለሉን የአስተጣጠብ መመሪያ በጽሑፍ ጠይቁትና ኩሽናው ግድግዳ ላይ፣ ወለል የሚያጥቡት ሰዎች በሚያነቡት ከፍታ ለጥፉት።